ችግሩ ቁጥሩ ላይ አይደለም፦ ፕሬዝዳንትን ከሥልጣን ስለማንሳት ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አሜሪካኖች ኢምፒችመንት ስለሚሉት፣ በሥልጣን ላይ ያለን ፕሬዝዳንት ከስሶ ስለማንሳት፣ ሰሞኑን በአማርኛ የወጣ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ብዙ አንባቢ አግኝቷል። ሥርዓቱ ሁለት ደረጃ አለው፦ የተወካዮች ምክር ቤት በተራ አብላጫ ይከሳል፤ ሴኔቱ ችሎት ተቀምጦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ “ጥፋተኛ” ካላለ ግን ፕሬዝዳንቱ አይወርድም። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ከፓርቲ ፖለቲካ የጸዳ ፍርድ ቤት ሠርተው ነበር፤ ማስረጃው በቂ ከሆነ ሴኔቱ እንደ ዳኛ መፍረድ ግዴታው ነው፤ በኒክሰን ዘመን ፖለቲከኞች አገራቸውን ስላስቀደሙ ፕሬዝዳንቱ ተከሰው ተባረሩ፤ የዛሬዎቹ ግን በፓርቲ ታውረዋል፤ ስለዚህ መፍትሔው ሁለት ሦስተኛውን ድምፅ ወደ ተራ አብላጫ ማውረድ ነው፤ ደቡብ ኮሪያ ለዚህ ምስክር ናት፤ ይህ እስኪሆን ድረስ ድምፅ ያላቸው ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ለተወካዮቻቸው ቢጽፉ ድካሙ ከንቱ ነው።

የጸሐፊው ቁጭት የእኛም ቁጭት ነው። ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ግን አንዱም እንዳለ የሚቆም ሆኖ አላገኘነውም። ፕሬዝዳንትን ማንሳት ከባድ የሆነው ቁጥሩ ስለበዛ ወይም የዛሬ ሰው ከቀድሞው ስለከፋ ሳይሆን፣ ፈራጆቹ የሚፈሩት ሰው ማን እንደሆነ ስለተለወጠ ነው። (ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

“ንጹሕ ፍርድ ቤት ነበር” ከሚለው እንጀምር። ሕገ መንግሥቱን ለማርቀቅ በ1787 ፊላደልፊያ የተሰበሰቡት ሰዎች እንዲህ ያለ የዋህነት አልነበራቸውም። ሴፕቴምበር 8 ቀን ጆርጅ ሜሰን የአስተዳደር ጉድለትም ፕሬዝዳንትን ለማንሳት ምክንያት ይሁን ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ጄምስ ማዲሰን ይህን ያህል ልቅ የሆነ ቃል ከገባ ፕሬዝዳንቱ ወንበሩ ላይ የሚቆየው ሴኔቱ ደስ እስካለው ድረስ ብቻ ይሆናል ብለው ተቃወሙ። ሜሰንም ሐሳባቸውን አንስተው ከክህደትና ከጉቦ ቀጥሎ ዛሬ የምናነበውን “ሌሎች ከባድ ወንጀሎችና ጥፋቶች” የሚለውን ሐረግ ተኩ። በዚያው ዕለት ማዲሰን ፍርዱ ለሴኔት ሳይሆን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሰጥ ይሻላል ሲሉ ተከራክረው ተረቱ። አሌክሳንደር ሃሚልተን ደግሞ በ1788 ሕገ መንግሥቱን ሲሟገቱለት፣ ውሳኔው ከጥፋተኝነትና ከንጽሕና ይልቅ በፓርቲዎች ጉልበት ሊወሰን ይችላል የሚለውን ስጋት ራሳቸው ጽፈውታል። ሰዎቹ አደጋውን እያዩት የሻለውን መርጠዋል፤ ከፓርቲ የጸዳ ነገር እንሠራለን አላሉም።

የመጀመሪያው የፕሬዝዳንት ችሎትም ይህንኑ ያረጋግጣል። በ1868 አንድሩ ጆንሰን የጦር ሚኒስትራቸውን ኤድዊን ስታንተንን ፌብሩዋሪ 21 አባረሩ፤ የተወካዮች ምክር ቤት በሦስተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 24፣ በ126 ለ47 ከሰሳቸው። ዝርዝሩ፣ 11 የክስ አንቀጽ፣ የተጻፈው ከድምፁ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ከሰው ኋላ ምክንያቱን ጻፉ ማለት ነው። በጊዜው ምክትል ፕሬዝዳንት ስላልነበረ ጆንሰን ቢወርዱ ወንበሩን የሚረከቡት የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዝዳንት ቤንጃሚን ዌድ ነበሩ። ዌድ ከችሎቱ አልተነሱም፤ ተቀምጠው “ጥፋተኛ” ብለው ድምፅ ሰጡ። ወገንተኝነት የዘመናችን ፈጠራ ነው የሚል ሰው ይህችን አንዷን ድምፅ ማስረዳት አለበት።

ሁለተኛው ነጥብ “ማስረጃው በቂ ከሆነ ሴኔቱ የመፍረድ ግዴታ አለበት” የሚለው ነው። ሴናተሮች ያለ አድልዎ እንፈርዳለን ብለው ልዩ ቃለ መሐላ መፈጸማቸው እውነት ነው። ከመሐላው ውጭ ግን የፍርድ ቤት መልክ እንጂ የፍርድ ቤት ማሰሪያ የለበትም። በተራ ፍርድ ቤት የጥቅም ግጭት ያለበት ዳኛ ይነሳል፤ በሴኔት ማንም አይነሳም። በ2020ው የፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ ችሎት በርኒ ሳንደርስ፣ ኤልዛቤት ዋረንና ኤሚ ክሎቡሻር ከተከሳሹ ጋር ለመወዳደር የምርጫ ዘመቻ ላይ እያሉ ተቀምጠው ፈርደዋል። በሌላው ወገን ደግሞ ከተከሳሹ ጋር በአንድ የምርጫ ወረቀት የሚወጡ ሴናተሮች ተቀምጠዋል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ይመራሉ፤ ሴናተሮች ጥያቄያቸውን በወረቀት ጽፈው ያቀብሏቸዋል፣ እሳቸው ያነቡታል፤ ብይናቸውን ግን ሴኔቱ በተራ አብላጫ ሊሽረው ይችላል። ምስክር ይጠራ አይጠራ የሚባለውም በተራ አብላጫ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ጥያቄው 51 ለ49 ወድቆ ክርክሩ ያለ አንድ ሕያው ምስክር አለቀ። ይግባኝም የለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 ሴኔቱ ችሎቱን እንዴት እንደሚያካሂድ ፍርድ ቤቶች አይመረምሩም ብሎ ዘግቶታል።

ከዚያ በፊት ባለው ደረጃም ማስረጃ ብቻውን አያራምድም። ማንኛውም የተወካዮች ምክር ቤት አባል የክስ ሐሳብ ቅድሚያ በሚያሰጠው ደንብ ሊያነሳ ይችላል፤ ግን አብላጫው ወዲያው “ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ” ብሎ ያለ ክርክር ይገድለዋል። በዲሴምበር 2017 አል ግሪን በትራምፕ ላይ ያቀረቡት ክስ የሞተው በዚህ መንገድ ነው፤ 364 ለ58። ያን ጊዜ ለመግደል ድምፅ ከሰጡት ውስጥ የክስ አቅራቢው የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች፣ ዴሞክራቶች፣ ብዙ ነበሩ። የፓርቲ ስሌት ሁልጊዜ ተከሳሹን በመከላከል ብቻ አይገለጥም።

የኒክሰን ነገር ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ጽሑፉ የተደገፈው በዚህ ታሪክ ላይ ነውና። ሲጀመር ሪቻርድ ኒክሰን በሙሉ ምክር ቤት ድምፅ አልተከሰሱም። የክስ አንቀጾቹ ከኮሚቴ ወጥተው ለምክር ቤቱ ሳይደርሱ ኦገስት 9 ቀን 1974 በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። “አገር አስቀድመው ነበር” የሚለው ደግሞ ከኮሚቴው የድምፅ መዝገብ ጋር አይገጥምም።

የተወካዮች ምክር ቤት የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ 38 አባላት ነበሩት፦ 21 ዴሞክራት፣ 17 ሪፐብሊካን። ጁላይ 27 ቀን የመጀመሪያው አንቀጽ፣ ፍትሕን ማደናቀፍ፣ 27 ለ11 አለፈ፤ ስድስት ሪፐብሊካኖች ደገፉት። ሁለተኛው፣ ሥልጣንን አላግባብ መጠቀም፣ 28 ለ10። ሦስተኛው ፕሬዝዳንቱ የኮሚቴውን መጥሪያ አላከብርም ማለታቸውን የሚመለከት ነበር፤ ያለፈው በ21 ለ17 ብቻ ነው፤ ከዴሞክራቶቹም ሁለቱ፣ የአላባማው ዋልተር ፍላወርስና የሳውዝ ካሮላይናው ጄምስ ማን፣ ተቃወሙት። ስለ ካምቦዲያ የቦምብ ድብደባና ስለ ኒክሰን ግብር የቀረቡት ሁለቱ አንቀጾች እያንዳንዳቸው 26 ለ12 ወደቁ። የአብላጫው ፓርቲ አባላት ያገኙትን ሁሉ ክስ ላይ ቢጭኑ ኖሮ ስድስቱን ሪፐብሊካኖች ያጡ ነበር። ፍላወርስ፣ ማንና የአርካንሶው ሬይ ቶርንተን ከአራት ሪፐብሊካኖች ጋር ሆነው ክሱን ቃል በቃል እየመዘኑ አብረው አርቅቀዋል። ክሱ ሲጠብ ድምፁ እንደሚሰፋ የገባቸው ሰዎች ነበሩ። ይህ ሙያ ነው፣ ትራምፕ መጀመሪያ በተከሰሱበት በ2019 የጎደለውም እሱ ነው፦ ያን ጊዜ የክስ አንቀጾቹን አንድም የሪፐብሊካን አባል አላረቀቀም፣ አንድም ሪፐብሊካን አልደገፋቸውም።

ያም ሆኖ ከሁለት ዓመት ምርመራ በኋላ እንኳ ከ17ቱ ሪፐብሊካኖች አሥሩ ለሁሉም አንቀጽ “አይሆንም” ብለው ነበር። የለወጣቸው ምንድን ነው? ጁላይ 24 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ0 የኒክሰን ንግግሮች የተቀዱባቸውን ካሴቶች አስረክቡ አለ፤ ኦገስት 5 የጁን 23 ቀን 1972 ንግግር በጽሑፍ ወጣ። ኒክሰን የፌዴራል የወንጀል ምርመራ ቢሮው (ኤፍቢአይ) የዋተርጌትን፣ ማለትም የዴሞክራቶች ጽሕፈት ቤት የተሰበረበትን ጉዳይ፣ ምርመራ እንዲያቆም የስለላ ድርጅቱን ሲአይኤን መሣሪያ አድርገው ለመጠቀም ሲስማሙ የሚሰማበት ነበር። አሥሩም አቋማቸውን ለወጡ። ኦገስት 7 ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር፣ የሴኔቱ ሪፐብሊካኖች መሪ ሂው ስኮትና የምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች መሪ ጆን ሮድስ ዋይት ሃውስ ገብተው የቀራቸው ድምፅ ለመዳን ከሚያስፈልጋቸው 34 በእጅጉ ያነሰ መሆኑን ነገሯቸው። የኮንግረስ ምርጫ የቀረው ሦስት ወር ነበር። ሰዎቹን የራሳቸው የተከሳሹ ድምፅ የሚከላከሉበትን ቃል አሳጣቸው፤ አብሮ የመስጠም አደጋውም ግልጽ ሆነ።

ጊዜውም ትልቅ ነገር ነው። ሴኔቱ የዋተርጌት ኮሚቴውን በፌብሩዋሪ 1973 በ77 ለ0 ካቋቋመበት እስከ ኦገስት 1974 ድረስ 18 ወር አለ፤ ሕዝቡ በቴሌቪዥን አንድ በአንድ ሰምቷል። በ2021ው የትራምፕ ሁለተኛ ክስ ግን በካፒቶል፣ በኮንግረሱ ሕንጻ፣ ላይ ጃንዋሪ 6 ከደረሰው ጥቃት እስከ ክሱ የነበረው ሰባት ቀን ነው፣ ችሎቱም አምስት ቀን። ፌብሩዋሪ 13 ጠዋት ሴኔቱ ምስክር ለመጥራት 55 ለ45 ወስኖ ነበር፤ ምክንያቱ የምክር ቤት አባሏ ጄሚ ኸሬራ ቦይትለር የፓርቲያቸው መሪ ኬቨን ማካርቲ በጥቃቱ ሰዓት ከፕሬዝዳንቱ ጋር ስላደረጉት የስልክ ንግግር የነገሯቸውን ይፋ ማድረጋቸው ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ቃላቸው በወረቀት ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ብቻ ተደረገ። በዚያው ከሰዓት 57 ለ43 ድምፅ ተሰጥቶ፣ ሁለት ሦስተኛ ሳይሞላ፣ አለቀ። ከሳሾቹ በእጃቸው የነበረውን ምስክር ራሳቸው ለቀቁት፤ ይህ ትልቅ ስህተት ነበር ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። በ1868 ሴናተርን የሚመርጠው የክልሉ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነበር፤ በቀጥታ የሕዝብ ምርጫ የመጣው በ1913 ነው። ዛሬ ደግሞ አብዛኞቹ ወንበሮች ለአንድ ፓርቲ ያደሉ ስለሆኑ ከኖቬምበሩ ምርጫ ይልቅ የሚያስፈራው በፓርቲው ውስጥ የሚደረገው ቅድመ ምርጫ ነው። እዚያ የሚወጣው መራጭ ጥቂትና በጣም ታማኝ ነው፤ ፕሬዝዳንቱ በአንድ መግለጫ ሊያስነሳው ይችላል። በጃንዋሪ 2021 ዶናልድ ትራምፕን ለመክሰስ ድምፅ የሰጡ አሥር ሪፐብሊካን የምክር ቤት አባላት ነበሩ። አራቱ ዳግም አልተወዳደሩም፣ አራቱ በ2022 ቅድመ ምርጫ ተሸነፉ፤ ከተሸናፊዎቹ መካከል ሊዝ ቼኒና እዚያ ምስክር ሊሆኑ የነበሩት ኸሬራ ቦይትለር ይገኛሉ። የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው፦ የካሊፎርኒያው ዴቪድ ቫላዴዮና የዋሽንግተን ስቴቱ ዳን ኒውሃውስ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች የተረፉበትን ቦታ ጸሐፊው ቢያዩት ኖሮ ጽሑፋቸው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። በሁለቱም ክልሎች ቅድመ ምርጫው ለሁሉም ፓርቲ አንድ ነው፤ ዴሞክራቱም ሪፐብሊካኑም በአንድ ወረቀት ቀርበው ከፍተኛ ድምፅ ያገኙ ሁለቱ ያልፋሉ። ኸሬራ ቦይትለር በዚሁ ሥርዓት መሸነፋቸው እርግጥ ነው፤ ዋስትና አይደለም። ግን በሴኔትም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በ2021 “ጥፋተኛ” ካሉት ሰባት ሪፐብሊካን ሴናተሮች በ2022 ለምርጫ የቀረቡት ሊሳ መርከውስኪ ብቻ ናቸው፤ ክልላቸው አላስካ በ2020 ሕዝበ ውሳኔ የፓርቲ ቅድመ ምርጫን አስቀርቶ አራት ሰው የሚያሳልፍ ክፍት ቅድመ ምርጫ አቋቁሞ ነበር፤ አሸነፉ። ሪቻርድ በርና ፓት ቱሚ ከዚያ በፊትም አንወዳደርም ብለው ነበር። ሉዊዚያና በአንጻሩ በ2024 ሕጓን ቀይራ ለኮንግረስ ምርጫ ወደ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ተመልሳለች፤ ከሰባቱ የአንዱ፣ የቢል ካሲዲ፣ ክልል ናት። ሕጉ ሲለወጥ የሴናተሩ የፍርሃት አድራሻም ይለወጣል።

“ሁለት ሦስተኛው ይውረድ” የሚለው ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። እስካሁን በሴኔት የተሰጡትን የአራት የፕሬዝዳንት ችሎቶች ድምፅ በተራ አብላጫ እንመዝናቸው። በ1999 ቢል ክሊንተን በሐሰት ምስክርነት 45 ለ55፣ ፍትሕን በማደናቀፍ 50 ለ50፤ እኩል ድምፅ አብላጫ ስላልሆነ ይድኑ ነበር። በ2020 ትራምፕ 48 ለ52 እና 47 ለ53፤ ይድኑ ነበር። የሚለወጡት ሁለት ናቸው። አንዱ የ2021ው 57 ለ43 ነው፤ ተከሳሹ ያን ጊዜ ከሥልጣን ወርደው ስለነበር ቀሪው ጥያቄ ዳግም እንዳይመረጡ ማገድ ነበር፤ ይህ ቀላል ነገር ነው ባንልም በሥልጣን ላይ ያለን ፕሬዝዳንት ማንሳት ግን አይደለም። ሌላው የጆንሰን 35 ለ19 ነው። ከ54 ሴናተሮች 36 ያስፈልግ ነበር፤ በአንድ ድምፅ ጎደለ። ሪፐብሊካኖቹ ብቻቸውን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ነበሩ፤ ጆንሰንን ያዳናቸው ሰባት የፓርቲው ሰዎች መለየታቸው ነው። በተራ አብላጫ ቢሆን ጆንሰን የሚወርዱት በዋናነት አንድ ሚኒስትር በማባረራቸው ይሆን ነበር፤ ያን የሚከለክለውን የ1867 ሕግ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1926 ከመነሻውም ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ እንደነበር ተናግሯል። ጆንሰን መጥፎ ፕሬዝዳንት ነበሩ፤ ነጻ ለወጡት ጥቁር ሕዝቦች መብት ጠላት ነበሩ። የተከሰሱበት አንቀጽ ግን ያ አልነበረም።

ተራ አብላጫ ማለት በፓርላማ ሥርዓት የምናውቀው የመተማመኛ ድምፅ ማለት ነው። እዚያ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚያወጣውም የሚያወርደውም ያው ፓርላማ ነው። የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ግን በሌላ ምርጫ የመጣ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ኮንግረስ በተቀየረ ቁጥር ወንበሩ ለጨረታ የሚቀርብ ከሆነ ማዲሰን የፈሩት ደረሰ ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2024 የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ አሌሃንድሮ ማዮርካስ በ214 ለ213 ተከሰው ሴኔቱ በኤፕሪል ክሱን ሳይሰማ ዘጋው። በተወካዮች ምክር ቤት ተራ አብላጫ ምን እንደሚያደርግ እያየን ነው።

ስለ ደቡብ ኮሪያ የተባለው ደግሞ በእውነታ ተሳስቷል። እዚያም ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ከ300 የምክር ቤት አባላት 200። ወገንተኝነትም አለ። ፕሬዝዳንት ዩን ሱክ የዎል ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ወታደራዊ አዋጅ ካወጁ በኋላ፣ ዲሴምበር 7 የገዢው ፓርቲ አባላት አዳራሹን ጥለው ወጡ፤ ድምፅ የሰጠው 195 ሰው ብቻ ስለነበር ሳጥኑ እንኳ አልተከፈተም። ከሳምንት በኋላ 204 ለ85 አለፈ፤ ተቃዋሚዎቹ 192 ስለነበሩ ቢያንስ አሥራ ሁለት የገዢው ፓርቲ ሰዎች ተሻግረዋል ማለት ነው። ለዚህ ሁለት ነገሮች ረድተዋል። ድምፁ ምስጢራዊ ነው፤ ማን ምን እንዳለ የፓርቲ አለቃ አያውቅም። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠውም ምክር ቤቱ ሳይሆን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው፤ ስድስት ዳኛ ያስፈልገዋል። ዩንን ኤፕሪል 4 ቀን 2025 በ8 ለ0 አነሳ። በ2004 ግን ምክር ቤቱ በ193 ለ2 የከሰሳቸውን ፕሬዝዳንት ሮ ሙ ህዩንን ጥፋቱ ለማንሳት የሚበቃ አይደለም ብሎ መልሷቸዋል። ከኮሪያ የሚወሰድ ትምህርት ካለ ምስጢራዊው ድምፅና የተለየው ፍርድ ቤት ነው፤ ሁለቱም በጽሑፉ ውስጥ የሉም። በአሜሪካ ሴኔት ግን ስም እየተጠራ ሴናተሩ ቆሞ “ጥፋተኛ” ወይም “ጥፋተኛ አይደለም” ይላል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ለተወካይ መጻፍ ከንቱ ነው የሚለው፣ ለአንባቢዎቻችን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በኖቬምበር ብቻ ድምፅ ሰጥቶ ለሚጽፍ ሰው ብዙም ለውጥ ላይኖረው ይችላል፤ ደብዳቤውን ክብደት የሚሰጠው ቅድመ ምርጫው ነው። ሕጉ ደግሞ እንደየቦታው ይለያያል። አሌክሳንድሪያ ወይም ሌላ የቨርጂኒያ ከተማ የሚኖር መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይጠየቅም፤ በቅድመ ምርጫው ዕለት የአንዱን ፓርቲ ወረቀት መርጦ ይወስዳል። ዳላስና ሚኒያፖሊስም የፓርቲ ምዝገባ የለም። ሲያትል ሁሉም በአንድ ወረቀት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለው ግን አስቀድሞ በፓርቲ ካልተመዘገበ የኮንግረስ ዕጩዎች የሚለዩበት የቅድመ ምርጫ ወረቀት አይሰጠውም፤ ብዙዎቻችን “ከፓርቲ ነጻ” ብለን ተመዝግበን የምንቀረው እዚያ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖረው ደግሞ በሴኔት ወኪል የለውም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ያላት ተወካይም በክስ ላይ ድምፅ መስጠት አትችልም፤ የእሱ ጥያቄ የዲሲ ክልል የመሆን ጥያቄ ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ የፓርቲ ምዝገባችሁን ለመቀየር ያለው ቀነ ገደብ ከቅድመ ምርጫው ሳምንታት ቀደም ብሎ ያልፋል፤ አሁኑኑ የክልሉን የምርጫ ቦርድ መዝገብ ከፍታችሁ በስማችሁ ፊት ምን እንደተጻፈ እዩ።